ቀድማ የተሰቀለች

ፎቶግራፌ ከእኔ ቀድማ ተመረቀች። ይህ የሆነው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ቁጭ ብሎ አይቷል። ማንም አልጮኸም።

ረውዳ ይመር እባላለሁ። ልብስ እጥበት ቤት በካውያ ልብስ ስተኩስ እውላለሁ፤ ማታ ማታ ኮሌጅ አካውንቲንግ እማራለሁ። ትምህርቱን የጀመርኩት ትልቋ ልጄ ሂክማ አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው። እሷ ሰባተኛ ደረሰች፣ እኔ እዚያው አለሁ። መሃል ላይ ሱመያን ወለድኩና አቋረጥኩ፤ ጡት ስትጥል ተመለስኩ። ከሥራ እየሮጥኩ ቤት ደርሼ ወጡን ሠርቼ፣ ልጆቹን አጣጥቤ፣ እየሮጥኩ ክፍል እገባለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ገና ከበሩ ስገባ «ሽንኩርቷ መጣች» ይላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሽታው ግን እውነት ነው።

ባለቤቴ አደም የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ይሠራል። ክፉ ሰው አይደለም። አትማሪ ብሎኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ላገኘው ሰው ሁሉ «ሚስቴ እኮ ኮሌጅ ናት» ይላል። ይህን ሲል ደረቱን ይነፋል። ራት ግን አቅርቡልኝ እንጂ ላቅርብ ብሎ አያውቅም።

በእኛ ከተማ ሰው መጀመሪያ የሚመረቀው ፎቶ ቤት ነው። ኮሌጁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ፈተናው ሳያልቅ ጋውን ተከራይተን፣ ቆቡን ደፍተን እንነሳለን፤ ለምርቃት መጽሔቱ ቶሎ ይፈለጋል፣ ደግሞም በምርቃት ሰሞን ፎቶ ቤቱ መቆሚያ አይገኝበትም። ፎቶው በትልቁ ይታጠባል፣ ወርቃማ ፍሬም ይገባል፣ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ይሰቀላል። እንግዳ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያየው እሱን ነው። ፎቶው ያልተሰቀለ ሰው ተመርቄያለሁ ቢል የሚያምነው የለም።

እኔ የተነሳሁት ፒያሳ፣ ጋሽ ተፈራ ጋ ነው። ጋሽ ተፈራ ከጀርባ የሚዘረጉት ጨርቅ አላቸው፤ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ተስሎበታል። የጨርቁ አንደኛው ጥግ ምስማሩ ከወለቀ ቆይቷል። ጋሽ ተፈራ ምስማር ከመምታት ይልቅ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ጥጉን ማስያዝ ይቀላቸዋል። ለእኔ የክፍል ጓደኛዬ ከድጃ ያዘችልኝ፤ ለእሷ እኔ ያዝኩላት። «እጅሽን ወደ ውስጥ እንዳታስገቢ» አሉኝ፣ «ከገባብኝ እቆርጠዋለሁ።» ፎቶው ላይ ማለታቸው ነው።

ቆቡን በሂጃቤ ላይ አስተካከሉልኝ። በቀይ ሪባን የታሰረ ጥቅል ወረቀት አስያዙኝ። ወረቀቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ የከተማው ምሩቅ ሁሉ ፎቶ ላይ የያዘው ያንኑ ወረቀት ነው።

«ፈገግ በይ እንጂ። የጨረሰ ሰው እንዲህ ያኮርፋል?»

«ገና ፈተና አለብኝ፣ ጋሽ ተፈራ።»

«ካሜራው ፈተና አያውቅም» አሉና አነሱኝ።

የመጨረሻው ፈተና ኦዲት ነበር። በፈተናው ጠዋት ሱመያ ትኩሳቷ ጨምሮ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። አደም ዕቃ ሊረከብ በሌሊት ኮምቦልቻ ወርዷል። ልጄን አዝዬ ሆስፒታል ሮጥኩ፤ ወረፋ ይዤ፣ መርፌ አስወግቼ፣ ትኩሳቷ ሲበርድላት ፈተናው አልቆ ነበር። በማግስቱ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ።

«አዝናለሁ» አለ። አላዘነም። «ኮርሱን ደግመሽ ከሚቀጥሉት ጋር ትፈተኛለሽ።»

«ልጄ ታማብኝ ነው።»

«የሁሉም ሰው ልጅ ይታመማል» አለና የቢሮውን ቁልፍ ከኪሱ ፈለገ።

ቤት ስገባ አደም ወንበር ላይ ቆሞ መዶሻ ይዟል። ፍሬሙ መጥቷል።

«አደም፣ እንዳትሰቅለው። አልጨረስኩም።»

«ምን ቀረሽ?»

«አንድ ኮርስ።»

«አንድ ኮርስ ምን አላት? ሰው ጠርቼ፣ በግ ገዝቼ። አባቴ ለዱአ ከገጠር እየመጣ ነው። ሽማግሌውን መንገድ ላይ ልመልሰው ነው?»

«ፈተና አመለጣት በላቸው።»

«ወላሂ አልልም» አለ። «አብሽሪ፣ ማንም አያውቅም።» ምስማሩ በአንድ ምት ገባ። ፎቶዬም ተሰቀለች። ቆሜ አየኋት። ጋሽ ተፈራ ከዓይኔ ሥር ያለውን ጥቁረት አጥፍተውላት ነበር።

እሑድ እንግዶቹ መጡ። እኔ ማዕድ ቤት ነበርኩ፤ ለራሴ ምርቃት በግ እየቀቀልኩ። ተበልቶ ሲያበቃ አማቴ አባ ይመር መዳፋቸውን ዘረጉ። የአባቴም የአማቴም ስም ይመር ነው፤ በእኛ አገር ይመር አይጠፋም። አባ ይመር ዓይናቸው ደክሟል። ከፊታቸው ያለችው ጋውን የለበሰችው ነበረችና ወደ እሷ ዞረው ዱአ አደረጉ።

«እጅሽ ከፍ ይበል። ቤትሽ ይሙቅ። ልጆችሽ ባንቺ ይኩሩ።»

«አሚን» አለ ቤቱ በሙሉ።

«አሚን» አለች ፎቶዬ ትንሽ ዘግይታ።

እኔ ሳህን ይዤ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። ድምፁ የእኔ ነው፤ ግን ጠግቦ የተኛ ሰው ድምፅ ነው። ከዚያ የፍሬሙን ጠርዝ ይዛ ወረደች። ፎቶው ከጉልበት በላይ ስለሆነ ከጉልበቷ በታች ምንም የላትም፤ ይህ መሄድ አልከለከላትም። እንግዶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቁላት።

«ማሻ አላህ» አሉ አባ ይመር።

አደም ወደ ማዕድ ቤት መጣ።

«ረውዳ፣ ፎቶዋ ወረደች።»

«አየሁ።»

«ሥጋ ጨመር አድርጊላት። ዛሬ የእሷ ቀን ነው።»

ጨመር አድርጌ ወሰድኩላት። አልበላችም። ፈገግ እንዳለች ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አብራን ትኖራለች። አትበላም፣ አትተኛም፣ አትደክምም። ዕቃ አታጥብም፤ ቀኝ እጇ ወረቀቱን ይዟል። አንድ ቀን «ወረቀቱን አስቀምጪውና ድስቷን እሽት አድርጊልኝ» አልኳት። ድስቷን አየቻት፣ ወረቀቱን አየችው። «ብይዘው ይሻላል» አለች። አነጋገሯ ትሕትና ነበረው። በዚያ ተናደድኩ።

አደም አልፎ አልፎ ትክ ብሎ ያያታል። አንድ ማለዳ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ፣ «ድሮ እንዲህ ነበርሽ» አለ። ያለው ለእኔ ነው።

ሂክማ ሁሉም ነገር ይገባታል፤ ስለዚህ ዝም ትላለች። የወላጅ ስብሰባ ሲደርስ ግን አጠገቤ መጥታ በቀለም የተነከረ ጣቷን እያሸች ቆመች።

«እማ፣ እሷ ብትሄድልኝስ?»

«ለምን?»

«ጋውን ለብሳለች። አንቺ ደግሞ…» አልጨረሰችውም። ሽንኩርት ለማለት ነው። ፎቶዋ ሄደች። መምህራኑ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እንደተቀበሏት ሂክማ በደስታ ነገረችኝ። ልጄን እንዲያ ፈክታ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

የሱመያ ነገር ግን ሌላ ነው። ሱመያ አራት ዓመቷ ነው። በመጀመሪያ ፎቶዋን ፈርታት ቀሚሴ ሥር ትደበቅ ነበር። እኔ ማታ ስወጣ ግን የምትደበቅበት ቀሚስ የለም። ፎቶዋ ሶፋው ላይ አለች፤ አትቸኩልም፣ ሰዓት አታይም፣ «ቆይ» አትልም። ሱመያ አንድ ቀን ጠጋ አለች። ሌላ ቀን ጭኗ ላይ ወጣች። ከትምህርት ስመለስ ጋውኑን ተጠቅልላ ተኝታ አገኛታለሁ።

አንድ ቀን ውሃ ጠማት።

«እትዬ፣ ውሃ ስጪኝ» አለችኝ።

«እትዬ ማን ናት? እማሽ ነኝ እኮ።»

አየችኝ። ከዚያ ሶፋው ላይ ያለችውን አየች። ሁለታችንንም እያመሳከረች ቆየች።

«እማዬ የተማረችዋ ናት» አለች።

ይህን ማንም አላስተማራትም። ውሃውን ቀድቼ ሰጠኋት። ማዕድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር ማንም አልጠየቀኝም።

የእጥበት ቤታችን ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ስትመረቂ ሒሳብ ያዥ አደርግሻለሁ ብለው ቃል ገብተውልኝ ነበር። የሒሳብ ያዧ ወንበር መስኮቱ ሥር ነው፤ ፀሐይ ይገባበታል፣ እንፋሎት አይደርስበትም። እኔ ካውያዬን ይዤ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላህ ነው የሚያውቀው። አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ፎቶዬ ተቀምጣበታለች።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቃሌን ጠበቅኩ» አሉኝ። «ረውዳ ስትመረቅ አልኩ፣ ረውዳ ተመረቀች።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ካውያሽ አለ። ለዚያ ጎበዝ ነሽ።»

ጥሩ ሠራተኛ ሆነች። ደንበኞች ሲገቡ ፈገግ ትላለች፤ ሲወጡም ፈገግ ትላለች። እኔ ከጓዳ በእንፋሎቱ ውስጥ አያታለሁ። ያንን ወንበር ስንት ማታ በእንቅልፍ እየተወዛወዝኩ እንደተማርኩለት እሷ አታውቅም። እሷ የምታውቀው አንድ ቀን ጠዋት ፎቶ ቤት መቆምን ብቻ ነው።

ጋሽ ተፈራ ዘንድ ሄድኩ። ሌንስ እየወለወሉ ነበር።

«ጋሽ ተፈራ፣ ፎቶዬ ከግድግዳ ወርዳ ቤቴ ውስጥ ትኖራለች።»

«መቼ ነው የሰቀላችኋት?»

«ከፈተናው በፊት። ማለቴ ፈተናው አምልጦኝ።»

ሌንሱን አስቀመጡ። «ይኸው ነው የእናንተ ነገር። ቸኩሎ መስቀል። ቀድማ የተሰቀለች ትወርዳለች፣ ምን አዲስ ነገር አለው? ያነሳሁት አንድ ፎቶ አሁን ወረዳ ላይ ኃላፊ ሆኗል። የፎቶውን ባለቤት በበር አያስገባውም።»

«ትመለሳለች ወይ?»

«ስትጨርሺ ትመለሳለች። ግድግዳው ለእሷ፣ ቤቱ ላንቺ ይሆናል።»

«ካልጨረስኩስ?»

«ልጅ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ትንሽ ናት?»

«አራት ዓመቷ ነው።»

«እንግዲያው ፍጠኚ» አሉና ሌንሳቸውን አነሡ።

ፈጠንኩ። የኦዲት መጽሐፉን ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ በአንድ እጄ እየተኮስኩ በሌላው ገጽ እገልጣለሁ። የምርቃት ሰሞን ሲቀርብ የሚከራዩት ጋውኖች በክምር መጡ። የከተማው ምሩቅ ሁሉ ጋውን በእኔ እጅ አለፈ። ካውያዬ በእያንዳንዱ እጅጌ ላይ ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፤ ሱመያ «እማዬ» ብላ ስትጠራኝና ዘወር ስል የጠራችው እኔን ሆኖ ሳገኘው።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ ፎቶዋን ወደ ጓዳ ይዘዋት መጡ።

«እጅጌዋ ተጨማዷል። ትልቅ ደንበኛ ይመጣል፤ ቶሎ ተኩሺላት።»

«ታውልቀዋ።»

«አይወልቅም» አለች ፎቶዋ። የግራ እጅጌዋን ክንዷ ውስጡ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እትዬ አስካለ ወጡ። ካውያውን አስቀመጥኩበት። አላነሳሁትም።

የተቃጠለ ፎቶ ሽታ ሸተተኝ። እሷ ፈገግ እንዳለች ነው።

«ሱመያን መልሺልኝ» አልኳት።

«እኔ አልወሰድኳትም» አለች። «ማታ ማታ ጥለሻት የምትሄጂው አንቺ ነሽ። እኔ ሶፋው ላይ ነው ያለሁት።»

እውነቷን ነበር። ካውያውን አነሳሁ። እጅጌዋ አንዳች አልሆነም፤ እንዲያውም ቀጥ ብሎ ተተኩሷል። የካውያው ጫፍ ምልክት ያለው በእኔ ግራ እጅ አይበሉባ ላይ ነው፤ ሦስት ማዕዘን ሆኖ፣ ቀልቶ። እስካየው ድረስ አላመመኝም። ካየሁት በኋላ በጣም አመመኝ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። በጠዋቱ ሱመያን ልቀሰቅስ ስሄድ ግንባሯ እሳት ሆኗል። አደም ያን ቀንም ኮምቦልቻ ነበር። ልጄን አቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ። ከቀረሁ አልጨርስም፤ ካልጨረስኩ ልጄ እኔን እትዬ እንዳለች ታድጋለች። ከሄድኩ ደግሞ የታመመች ልጄን ለፎቶ ትቼ መሄዴ ነው። ሁለቱንም አገላብጬ አየሁት። ሌላ መንገድ አልነበረውም።

«ሂጂ» አለች ፎቶዋ ከሶፋው። «እኔ እይዛታለሁ።»

«ሆስፒታል ትወስጃታለሽ?»

«እወስዳታለሁ።»

«መርፌ ስትወጋ ዓይኗን መሸፈን ትፈልጋለች።»

«አውቃለሁ» አለች።

ሱመያ የጋለ ራሷን ከትከሻዬ ላይ ቀና አደረገች። «እትዬ፣ ሂጂ። እማዬ አለችልኝ» አለችና እጇን ወደ ሶፋው ዘረጋች። ሰጠኋት። ከዚህ የከፋ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ ግን እየሮጥኩ ነው የሄድኩት።

ፈተናው ከባድ አልነበረም። አንዱ ጥያቄ፣ አንድ ንብረት በእርግጥ መኖሩን ኦዲተሩ እንዴት ያረጋግጣል ይላል። በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዳስሶ ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ማርክ ተሰጠኝ።

ቤት ስመለስ የሱመያ ትኩሳት በርዷል። በፎቶዋ ጭን ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። ፍርፋሪው ጋውኑ ላይ አይቀርም፤ ተንሸራቶ ይወርዳል። አደም ገብቶ ነበር።

«ዶክተሩ ጎበዝ እናት ናት አለ» አለኝ።

«የትኛዋን?»

«የወሰደቻትን ነዋ» አለ፣ ጥያቄው አስገርሞት።

አለፍኩ። ስሜ ከሚመረቁት ጋር ወጣ። ለአደም ስነግረው ጫማውን እየቦረሸ ነበር።

«ቅዳሜ እመረቃለሁ። ልጆቹን ይዘህ ትመጣለህ?»

«ተመርቀሻል እኮ፣ ረውዳ። ሰው ለአንድ ምርቃት ሁለቴ አይጠራም፤ ይሳቅብናል።»

«ጎረቤት አትጥራ። አንተ ና።»

«ቅዳሜ የቤተሰብ ፎቶ ልንነሳ ነው። ጋሽ ተፈራ ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ አራታችን።»

በጣቴ ሳልቆጥር ገባኝ። «እኔስ?»

አደም ብሩሹን አስቀምጦ ከልቡ አሰበበት። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ነግሬያችኋለሁ።

«አንቺማ ምርቃት አለብሽ» አለኝ።

ቅዳሜ ራሴ የተኮስኩትን ጋውን ለብሼ ብቻዬን ሄድኩ። ከድጃ ባለፈው ተመርቃ ስለሄደች አጠገቤ ያለውን ሰው አላውቀውም ነበር። አዳራሹ በአበባና በሕፃናት ለቅሶ ተሞልቷል። ስፒከሩ እየጮኸ ስሞች ይጠራሉ። ተራዬን ስጠብቅ ግራ እጄን ከበደኝ፤ ከፍ አድርጌ አንድ ነገር ይዤ የቆምኩ ይመስል ክንዴ ዛለ። ከዚያ እጄ ቀዘቀዘ። ከዚያ ምንም አልተሰማኝም። የጋውኑ እጅጌ ረጅምና ሰፊ ነው፤ ገልጬ አላየሁም። ስሜ ተጠራ። ዲግሪዬን በቀኝ እጄ ተቀበልኩ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ ቤተሰቦች ቸኩለው እልል አሉ፤ የእኔ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ጋውኑን ሳላወልቅ ሸዋ በር ደረስኩ። በመንገድ ያዩኝ ሰዎች «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ፤ አንድ ባለ ሱቅ ደግሞ «አሁንም?» አለኝ። ቤት ስገባ አደም ወንበር ላይ ቆሞ መዶሻ ይዟል። ሂክማ ምስማር ታቀብለዋለች። ሶፋው ባዶ ነው። እዚያ ላይ ሰው ለወራት ተቀምጦ የነበረ አይመስልም፤ ጨርቁ አልተጨማደደም።

«የት ሄደች?» አልኩ።

«ማን?» አለ አደም።

ሂክማን አየኋት። ሂክማ ምስማሮቿን መቁጠር ጀመረች።

አዲሱ ፍሬም ከበፊቱ ይበልጣል። አደም ከወንበሩ ወርዶ ጎን ለጎን ቆመን አየነው። አደም ከረባት አስሯል። ሂክማ ፀጉሯን ተተኩሳለች። መሃል ላይ ያቺ ጋውን ለብሳ፣ ሱመያን ታቅፋ፣ ባዶ ወረቀቷን ይዛ ፈገግ ብላለች። ጋሽ ተፈራ እንዳሉት ተመልሳለች። ግድግዳው ለእሷ ሆነ፣ ቤቱ ለእኔ ሆነ። ሰኞ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ አሰብኩና ፈገግ ልል ስል አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው።

በፎቶው ዳር፣ መጻሕፍት የተሳሉበትን ጨርቅ ጥግ አንድ እጅ ይዞታል። ሌላው ሰውነት የለም፤ እጅ ብቻ። ግራ እጅ ነው። አይበሉባው ላይ ሦስት ማዕዘን የካውያ ጠባሳ አለው።

«ጋሽ ተፈራ ይሄን እጅ አልቆረጡትም?» አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር።

«ይቁረጡት ብያቸው ነበር» አለ አደም። «ከቆረጥኩት ጨርቁ ይወድቃል አሉኝ።»

«የማን እጅ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ተራ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ይሆናል» አለና መዶሻውን ሊያስቀምጥ ወደ ጓዳ ገባ።

በዚህ መሃል ሱመያ ከመኝታ ቤት ዓይኗን እያሸች ወጣች። ጋውኔን አየች፣ ቆቤን አየች፣ ፊቴን አየች። ከዓይኔ ሥር ያለውን ጥቁረትም አየች መሰለኝ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየች።

«እማዬ!» ብላ ሮጣ መጣች።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለዚህች ለአንዲት ቃል ነበር የሮጥኩት፤ ለወንበሩ አልነበረም፣ ለዲግሪውም አልነበረም። ዝቅ ብዬ ፀጉሯን ሳምኳት። ቀኝ እጄ ዲግሪውን ይዞ ስለነበር ሱመያ በግራ በኩል ዞረች። እጄን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ልትወስደኝ፣ አሻንጉሊቷን ልታሳየኝ ነው። ትንሿን እጇን በሰፊው እጅጌ ውስጥ ሰደደችና እጄን ፈለገችው።

እስከ ክርኗ ገባች።

«እማዬ፣ እጅሽ የታለ?»

«ፈልጊው» አልኳት። «አለ።»

እስከ ትከሻዋ ገባች። ጉንጯን ጋውኔ ላይ አጣብቃ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ እጇን ወደ ውስጥ ዘረጋች። እኔ ዓይኔን ከግድግዳው ላይ አላነሳሁም። በፎቶው ዳር፣ ከጨርቁ ጀርባ፣ አንዲት ትንሽ እጅ ብቅ አለች። ጠባሳ ያለውን እጅ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ሁለት ጣቶቹን አጥብቃ ያዘችና ጎተተችው። በመጻሕፍት የተሞላው መደርደሪያ በቀስታ ተወዛወዘ።